ፈትል፣ መነን ወይስ ሽፎን? የበዓል ልብስ ለምትገዙ ጎንደሮች

ጥምቀት በተቃረበ ቁጥር ከወዳጅ ዘመድ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሽፎኑ በግማሽ ዋጋ እያለ የሸማኔውን ለምን እገዛለሁ?» ሳላንዛዛ ልመልስ። ለጋቢ ፈትል፣ ለቀሚስ መነን ግዙ፤ ሽፎኑን ተዉት። ይህን የምለው ለባህል ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። በገንዘብም የሚያከስረው ሽፎኑ ነው።

ፈትል የምለው ማጉ፣ ማለትም በጨርቁ ወርድ የሚገባው ክር፣ በእንዝርት የተፈተለውን ነው። መነን ድሩም (በቁመት የሚዘረጋው ክር) ማጉም የፋብሪካ ጥጥ ሆኖ ሸማኔ የሠራው ነው። ሽፎን ደግሞ የሐበሻ ልብስ እንዲመስል ጥለት የታተመበት ወይም ሪባን የተሰፋበት ፖሊስተር ነው።

ሂሳቡን በምሳሌ እናስላው። ለሽፎን ቀሚስ 3,000 ብር፣ ለመነን 7,500 ብር ተጠየቃችሁ እንበል። ሽፎኑ ስድስት ጊዜ ተለብሶ ቢጣል አንዱ መልበስ 500 ብር ወጣበት። መነኑ በዓመት አምስት በዓል ለአሥር ዓመት ቢለበስ 150 ብር ነው፤ በዚያ ላይ ቀሚሱ ቢያልቅ እንኳ ጥለቱ ተቆርጦ ሌላ ላይ ይሰፋል። ቁጥሮቹን እናንተ በተጠየቃችሁት ዋጋ ተኩና ደግማችሁ አስሉ።

ዋጋ ማስቀነስ የምትፈልጉ ጥለቱ ላይ ተደራደሩ። የሸማኔውን ጊዜ የሚበላው እሱ ነውና ስንዝር ሙሉ የነበረውን ወደ አራት ጣት ብታወርዱት ጨርቁ ሳይጎዳ ዋጋው በደንብ ይወርዳል። ከዚህም የሚረክሰው ባዘቶ (ለመፈተል የተባዘተ ጥጥ) ገዝቶ ማጉን ማስፈተል፣ የድሩን ክር ለብቻ መግዛትና ለሸማኔው የእጁን ብቻ መክፈል ነው። ክሩን ስትሰጡ መዝኑ፤ ጨርቁን ስትቀበሉም መዝኑ። ከድሩ ጫፍ ትንሽ መቅረቱ የታወቀ ነው፤ ብዙ ከጎደለ ግን እዚያው ጠይቁ። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት አትዘዙ፤ ሥራው ይቸኩላል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ክረምት ላይ ያዘዘ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ማታለሉ። ቅዳሜ ገበያ ሆነ ፒያሳ «የእጅ ፈትል ነው» የተባለው ሁሉ ፈትል አይደለም። ብዙ ሰው ከተቋጨው ጫፍ አንድ ክር ይመዝና ያያል። ይህ አያዋጣም፤ በጫፉ የሚንጠለጠለው ድሩ ነው፣ ድሩ ደግሞ በእውነተኛው ፈትል ላይም የፋብሪካ ክር ነው። ማጉን ለማየት ከጎን ጠርዝ ምዘዙ። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ወደ ፀሐይ ከፍ ስታደርጉትም ወጣ ገባነቱ ይታያል። ከድሩም ከማጉም አንዳንድ ክር ወስዳችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲበርድም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ድሩ ብቻ ፖሊስተር ሆኖ ማጉ ጥጥ የሆነ ጨርቅም ስላለ አንዱን ብቻ አቃጥላችሁ አትመኑ።

ጥለቱን ገልብጣችሁ እዩት። በሸማኔ የተሠራው በጀርባውም ክሩ ሲመላለስ ይታያል፤ የታተመው በጀርባው ደብዛዛ ወይም ነጭ ነው። ጋቢው ከበድ ካለ ደግሞ በሁለት እጅ አሹት። ነጭ ዱቄት ከረገፈ ክብደቱ የስታርች ነው፤ አንዴ ሲታጠብ ይሳሳል።

ቀለሙን ሳትፈትኑ ጥር 11 ፋሲል መዋኛ አትሂዱበት። እዚያ ውሃ ይረጫል፤ የማይጸና ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥለት ነጩን ሁሉ ያዥጎረጉረዋል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጠንከር አድርጎ ማሸት በቂ ፈተና ነው፤ ሱቁ ውስጥ አድርጉት።

የሸማኔ ጨርቅ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ አብዛኛው የስፌት ነው። ጥጡ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሳይሰፋ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ ሳትጠመዝዙ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊ ውሰዱት። ገበሩ ፖሊስተር ከሆነ ቀሚሱ ሲሰበሰብ ገበሩ ስለማይሰበሰብ ስፌቱ ይጨማደዳል፤ አቡጀዲ አድርጉለት፣ እሱንም አስቀድማችሁ እጠቡ። ሽመናው የሳሳ ስለሆነ ከስፌቱ ውጪ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ተኩል ይተው፤ ከዚያ ካነሰ ክሩ ተንሸራቶ ብብት ላይ ይተረተራል። የልጅ ቀሚስ ከሆነ ከታች አራት ጣት ይታጠፍ፤ ቁመት ስትጨምር ይለቀቅላታል።

በረኪና አታስነኩት፤ ጥጡን ይበላዋል። እንዶድ ለነጭ ልብስ እስካሁን ጥሩ ነው። እጣቢውን ግን ቀሃ ወንዝ ውስጥ አትድፉት። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አግኝተዋል፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል።

ጥገናው ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ቡና ሲፈላ የከሰል ፍንጣሪ ቢያርፍበት ሽፎኑ ቀልጦ ዙሪያው የጠነከረ ቀዳዳ ይቀራል፣ መላም የለውም። ጥጡ ይጠቁራል፤ የተቃጠለውን ቆርጦ ከራሱ ጫፍ በተመዘዘ ክር መጥቀም ይቻላል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ጠርዙ ሲያልቅ ስፌቱን ፈትቶ ያረጀውን ወደ ውስጥ መገልበጥ፣ ወይም ለሁለት ለይቶ የአልጋ አንሶላ ማድረግ ነው። ከዚያ የሕፃን መጠቅለያ፣ በመጨረሻም መወልወያ ይሆናል፤ ቢጣልም ይበሰብሳል። ሽፎን የነዳጅ ውጤት ነው፤ አፈር ውስጥ ቢገባ አይበሰብስም፣ በታጠበ ቁጥርም ደቃቅ የፕላስቲክ ክር ወደ ውሃው ይለቃል።

ጥጥም ሲበቅል ውሃ ይጠጣል። ፈትል ገዝታችሁ ሁለቴ ለብሳችሁ ሣጥን ውስጥ ከቆለፋችሁበት ጥቅሙ የለም።

ሽፎን በጅምላ የሚገዛው ለሠርግ ነው፦ ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ልብስ፣ ለአንድ ቀን። አንድ ዓይነት መሆን ካለበት ቀሚሱን ተዉትና የነጠላውን ጥለት ቀለም አመሳስሉ። ሁሉም ያላትን ነጭ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ነጠላውን ከሠርጉም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ትሄድበታለች። የጥለቱን ቀለም ቁጥር ከሸማኔው ጋር ስትስማሙ ክሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይገዛ፤ በሌላ ሳምንት የተገዛው ቀለሙ ትንሽ ይለያልና ጎን ለጎን ሲቆሙ ያስታውቃል።