ለቡሊት ሐኪም ምስጋና፣ ባሕር ዳር ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ዛሬ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ላመሰግን ነው የመጣሁት። ድመት ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ገና ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ረዘም ቢልባችሁም አንብቡልኝ። ስሟን አልጽፍም። «ስሜ ፌስቡክ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም» ብላኛለች። የምትሠራበትን ቦታ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እነግረዋለሁ።

ሽምብጥ አካባቢ ነው የምንኖረው። አይጥ አማሮን ነበር። የጤፉን ጆንያ ይበሳል፣ የሽሮውን ፌስታል ይቀዳል፣ ሌሊት ጣሪያው ላይ ይሯሯጣል። አንድ የምናውቀው ባለ ጋራዥ እናቷን መኪና የገጨባትን የድመት ግልገል ሰጠን። ቀለሟ ቡላ ስለሆነ ቡሊት አልናት። በአንድ እጅ መዳፍ የምትያዝ ነበረች። እማዬ ገጠር ስታድግ ቤታቸው ድመት ጠፍቶ አያውቅም። «ድመት ራሷን ነው የምታሳድግ» ባይ ናት። የቡሊት ሆድ ግን ተነፍቶ፣ ጎኗ ከስቶ ስናይ ዝም ማለት አልሆነልንም።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ «ለድመት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብን። ቦታውን አልናገርም፣ ሳቁም አልገረመኝም። በእኛ አገር የእንስሳት ሐኪም ማለት የላም፣ የበግ፣ የበቅሎ ሐኪም ነው። ይቺኛዋም ውሎዋ ከጥጃና ከበግ ጋር ነው። ልዩነቱ ድመቷን ስታያት አልሳቀችም።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አስተኛችውና «አትጎትቻት፣ ራሷ ትውጣ» አለችኝ። ቡሊት አፍንጫዋን ታወጣለች፣ ትመልሳለች። እስክትወጣ ድረስ ዶክተሯ እኔን ትጠይቀኛለች። ምን በላች? ምን ጠጣች? ዓይነ ምድሯ ቀጭን ነው ወፍራም? የት ነው የምትተኛው? ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? ነፍሰ ጡርስ? ከዚያ በኩሽና ሚዛን መዘነቻት፤ 600 ግራም ገደማ። ጥርሷንም አየችና «6 ሳምንት ቢሆናት ነው» አለች። የድመት ግልገል ቢቻል 8 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ መለየት የለባትም። ጤነኛዋ በ2 ወሯ ወደ አንድ ኪሎ ትጠጋለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዬ ቡሊትን እየመዘንኩ መጻፍ ሆነ። «ዓይንሽ ይሸውድሻል፣ ሚዛን አይሸውድሽም» ነው ያለችኝ። ክብደቷ ካልጨመረ፣ ይባስ ብሎ ከቀነሰ፣ ሳልውል ሳላድር መደወል አለብኝ።

ቀጥላ የጀርባዋን ፀጉር በጣቷ ገለጥ አደረገች። እንደ ቡና ዱቄት ያለ ጥቁር ብናኝ አለ። የጋራዥ ጥላሸት ነው የመሰለን። እሷ ግን እርጥብ ሶፍት ላይ ትንሽ አራገፈችበትና «ቆይ፣ ተመልከቺ» አለችኝ። በእያንዳንዷ ነጥብ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ክብ እየሰፋ መጣ። «ይሄ ደሟ ነው። ቁንጫ ጠጥቶ ያወጣው። አፈር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይቀላም።» ከዚያ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ ድዷን አሳየችኝ። ሮዝ መሆን ሲገባው ነጣ ብሏል። ለካ ትንሽ ግልገል በቁንጫ ብቻ ደሟ አልቆ ልትሞት ትችላለች።

እዚህ ላይ ነው ያመንኳት። ውድ መድኃኒት ልትሸጥልኝ ትችል ነበር። «ለዚህ ክብደቷ ኬሚካል አላደርግም» አለችና የቅማል ማበጠሪያ ግዢ አለችኝ። አዎ፣ እናቶቻችን ፀጉራችንን ያበጠሩበት ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለው። ሳሙና የገባበት ለብ ያለ ውሃ በሳህን አጠገቤ አደርጋለሁ፣ ከአንገቷ ወደ ጭራዋ አበጥራለሁ፣ የተያዘውን ቁንጫ ውሃው ውስጥ እነክራለሁ። የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ አጥባለሁ። አልቆ ሄደ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጋ ነገረችኝ፣ እኔም ጠበቅ አድርጌ እነግራችኋለሁ። ለከብት፣ ለዶሮ ወይም ለውሻ የተሠራ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ድመት ላይ እንዳትረጩ። ፐርሜትሪን የሚባለው ውሻው የሚችለው ነገር ድመትን ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታልም። ፓራሲታሞልም እንደዚያው። «ትኩሳት አላት» ብላችሁ ከቤት ያለውን እንዳትሰጡ። የድመት ጉበት መድኃኒቱን ማስወገድ አይችልም፤ አንድ ፍሬ ብቻ ልትገድል ትችላለች።

የሆዷ መነፋት ወስፋት ሆኖ ተገኘ። የድመት ወስፋት በእናት ወተት ጭምር ስለሚተላለፍ ግልገል ከቤት ባትወጣም ሊኖራት ይችላል። መድኃኒቱን በክብደቷ ለክታ ሰጠቻትና በየ2 ሳምንቱ እንድመላልሳት ነገረችኝ። አንዴ የተሰጠው አዋቂውን ትል ይገድላል፣ እጭ ሆኖ በሰውነቷ የቀረው ግን በኋላ ያድጋል። ቁንጫውም ከዚህ አይለይም። ድመቷ ራሷን ስትልስ ቁንጫ ትውጣለች፣ በቁንጫው ውስጥ ደግሞ የኮሶ ትል ዘር አለ። ከመቀመጫዋ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው።

ምግብ ላይ ስንደርስ ከእማዬ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። እማዬ ወተት ትላለች። ዶክተሯ በትህትና፣ «እማማ፣ የላም ወተት ያስቀምጣታል» አለቻቸው። የላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የድመት አንጀት በደንብ አይፈጨውም። ተቅማጥ ደግሞ 600 ግራም የምትመዝን ፍጥረት ላይ ቀልድ አይደለም። የምትጠጣው ንጹሕ ውሃ ነው። ሽሮ በእንጀራ? እሱም አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። በዚያ ላይ ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ልቧም ዓይኗም ይጎዳል። ሁዳዴ እየመጣ ነበርና እማዬ «በጾሙስ?» አለች። ዶክተሯ ሳቅ ብላ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም ይባል የለ እማማ፣ ለእሷ ጾም የለባትም» ስትላቸው እማዬም ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያቺ ልጅ ጨዋ ናት» ትላለች። የእማዬን አፍ ማዘጋት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የታሸገው የድመት ምግብ ዋጋው አይቀመስም። የለኝም ስላት አላስጨነቀችኝም። የተቀቀለ ዶሮ፣ የተቀቀለ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ከጉበት ትንሽ ትንሽ፣ እያቀያየርኩ። ጨው፣ በርበሬ፣ ቅመም የለም። ዓሣ ብቻ በየቀኑ አይሆንም፣ ጥሬ ዓሣም አይሆንም፤ አንዳንዱ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለው። ስታድግ ግን አቅሜ በፈቀደ መጠን ለግልገል የተዘጋጀውን እየገዛሁ እንድቀላቅል መከረችኝ፤ የቤት ምግብ ብቻውን ሁሉንም አያሟላምና። እግረ መንገዴን የሐይቁ ዳር ዓሣ የምትሸጠውንም እህታችንን ላመስግናት። ለድመት መሆኑን ስነግራት ከቆሮሶው ፊሌቶ ስታወጣ የሚቀረውን ትለይልኛለች። ሥጋውን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች አጥንት ካገኘች በጥፍሯ መዝዛ ትጥላለች። ማንም አላዘዛትም።

አሁን ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ ድመት የሚያስባርረው ጉዳይ። የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት። ጎረቤት ሁሉ «ድመቷን ጣሏት፣ ጽንሱን ትጎዳዋለች» አለ። ዶክተሯ ወሬ ነው ብላ አላለፈችውም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋስ በእርግጥ አለ፣ ጽንስንም ይጎዳል። የሚተላለፈው ግን ድመት ስለተዳበሰች አይደለም። ከዓይነ ምድሯ ነው፤ ያውም ከወጣ በኋላ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፣ እስከ 5 ቀን ሊቆይም ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ከተጸዳ፣ የምታጸዳውም ነፍሰ ጡሯ ካልሆነች፣ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ዞር ብላ የወንድሜን ሚስት «ጥሬ ሥጋ ትበያለሽ?» አለቻት። ክትፎ ነፍሷ ነው! ተሐዋሱ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልት አድርጎም ይገባል። ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ለሐኪምሽ ድመት እንዳለሽ ንገሪ ብላ ላከቻት። ድመቷ ቀረች፣ ክትፎው እስክትወልድ ቆመ። ማኩረፏን አልደብቅም።

መጸዳጃዋን ከእንጨት ሥራ ቤት በማመጣው ሰጋቱራ ሠራሁላት። ቀለምና ቫርኒሽ የሌለበት መሆን አለበት፣ በጣም የላመውም አይሆንም፤ ያስነጥሳታል። ዝቅ ያለ ሳፋ ላይ አፈሰስኩት፣ ከምግቧ አራቅኩት። አንዴ ካሳየኋት በኋላ ማንም አላስተማራትም። ሌሊት እንዳይበርዳት ደግሞ ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ አጠገቧ አደርግላት ነበር። ሶፋውን እንዳትቧጭር የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የቃጫ ገመድ ጠመጠምኩ። ይሄንንም የነገረችኝ እሷው ናት። በእጅ ማጫወት ክልክል ነው አለችኝ፤ ዛሬ ጣት መንከስ የለመደች ነገ ትልቅ ጥርስ ታወጣለች። በክር ስታጫውቱ ደግሞ ሲያበቃ ክሩን ደብቁት። ድመት ክር ከዋጠች አንጀቷ ይቆራረጣል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላት ወሰደች፣ ዓመት ላይ ይደገማል። ቀኑን ካርድ ላይ ጽፋልኛለች። «አይጥ የምታድን ድመት ምን ክትባት ያስፈልጋታል» ለሚሉ፣ በሽታው ከውሻ ወደ ድመት፣ ከድመት ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ያልተከተበ እንስሳ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ጤና ተቋም ሂዱ። በበርበሬና በቅጠል ጊዜ እንዳታጠፉ።

ስለ ማምከን ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ለብቻው ያስመሰግናታል። ሴት ድመት ገና በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ደግሞ 2 ወር ገደማ ነው። ሳታስቡት ቤቱ ግልገል ይሞላል። ቀዶ ጥገናውን ግን «እኔ ጋ ማደንዘዣውም መሣሪያውም የተሟላ አይደለም፣ አልሞክርባትም» አለችኝና የተሟላ ቦታ ላከችኝ። እችላለሁ ብላ ገንዘቡን ልትወስድ ትችል ነበር። ቡሊት አሁን መክናለች፣ ቁስሏም ድኗል። አይጥ? ጣሪያው ጸጥ ብሏል። የሽሮው ፌስታል ግን ወደ ባልዲ ተዛውሯል፣ ድመት አለን ብለን ክፍት አንተወውም። የአይጥ መርዝም አቁመናል፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት አብራ ትመረዛለች።

ጉድለት የላትም አልልም። ገጠር ስትወጣ ስልክ አታነሳም፣ ማታ ግን መልሳ ትደውላለች። ስታስረዳ ደግሞ ትፈጥናለች፣ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋውን እጇን ከማንሳቷ በፊት ትናገራለች። የማያስፈልግ ከሆነ «ይቅርብሽ» ትላለች።

ዶክተር፣ ይሄን ካነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬም ሰላም ብላሻለች፣ ቡና ጠጪልኝ ብላለች።

ለምትሄዱ፦ ቅዳሜ ጠዋት ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎች በግና ጥጃቸውን ይዘው ስለሚሰለፉ ወረፋ አለ፣ ከሰዓት ይሻላል። ግልገሏን ባጃጅ ላይ በእቅፍ አትያዙ፣ የጥሩምባ ድምፅ ሲያስደነግጣት ትዘላለች። ትንፋሽ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ የለመደችውን ጨርቅ አንጥፉላት፣ ክዳኑንም በገመድ እሰሩት። በሩ ላይ ውሻ አይጠፋም።