የላንድክሩዘር 70 የትራንስፈር ኬዝ ማደሻ ኪት፦ ኤል 4 ለሚያመልጠው መኪና ይበቃል?

ትራንስፈር ኬዝ የካምቢዮውን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል ሳጥን ነው፤ ኤል 4 ደግሞ አራቱም ጎማ በዝግታና በከፍተኛ ጉልበት የሚጎትትበት ማርሹ። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ያለ መኪና ኤል 4 አምልጦት ማንሻው ወደ ኒውትራል ሲመለስ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። በዚያች ሰዓት ካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ላይ ቢሆንም አይይዝም፤ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ችግር «ማንሻውን በእጅ ይዞ መንዳት» በሚባለው ዘዴ ማስታመም አደጋ ነው። ያ እጅ ደግሞ ፎርኩን (ማንሻው የሚያንቀሳቅሰውን ሹካ) ያለ ዕረፍት ስሊቩ (ማርሹን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ተንሸራታች ቀለበት) ላይ እየገፋ ቶሎ ይበላዋል።

መለዋወጫ ሱቅ ሄደው ችግሩን ሲናገሩ በብዛት የሚቀርበው «ሙሉ ኪት» ነው። ኪቱ ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ ስሙ ግን ከይዘቱ ይበልጣል። ፓኬቱ ሲከፈት የሚገኙት ኩሽኔታዎች፣ ኦይል ሲሎች፣ ኦሪንጎች፣ ጓርኒሲዮን፣ አንዳንዴም ስናፕ ሪንግ (ዘንግ ላይ የሚገባ መያዣ ቀለበት) እና የግፊት ሮንዴላዎች ናቸው። ማርሽ ሲያመልጥ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠሩት ፎርክ፣ ስሊቭ፣ የማርሹ መያዣ ጥርስ እና የማንሻው ዘንግ ሞላና ኳስ (ዘንጉን በገባበት ቦታ የሚያቆዩት) ግን አብዛኛውን ጊዜ የሉበትም። ኪቱን ብቻ ቀይሮ የዘጋ ሰው ድምፁ የጠፋለት፣ ዘይት ማፍሰሱ የቆመለት፣ ኤል 4 ግን እንደበፊቱ የሚያመልጠው ትራንስፈር ኬዝ ይዞ ይወጣል።

ከመግዛት በፊት ከውጭ መታየት ያለበት ብዙ ነው። የማንሻውን ላስቲክ ከወለሉ ላይ አንሱና ኤል 4 አስገቡ። ማንሻው የወለሉን ቀዳዳ ጠርዝ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ከነካ ስሊቩ ሙሉ በሙሉ አልገባም ማለት ነው። ከዚያ ከሥር ገብታችሁ የሳጥኑን ክንድ በእጅ ግፉት፤ ካቢን ውስጥ ያለው ማንሻ ካደረሰው በላይ ከሄደ ጥፋቱ ከመገጣጠሚያው ቡሽ (ልቅ እንዳይሆን መካከሉ የሚገባው ቀለበት) ነው። ቡሽ ለመቀየር ሳጥኑን ማውረድ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርቶች፣ ማለትም ሁለቱን ሻንሲው ላይ የሚይዙት ባለ ላስቲክ መያዣዎች። ኤል 4 ጉልበቱን ስለሚያበዛ ላስቲኩ የተቀደደ ሱፖርት ካለ ካምቢዮውና ትራንስፈሩ አብረው ይጠመዘዛሉ፤ በወለሉ የተገታ ማንሻ ደግሞ ያኔ ማርሹን ይስባል። ፍተሻው በባዶ ሜዳ ላይ ይደረግ፦ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የእግር ፍሬን ይረገጥ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው አይቁም። ፍሪሲዮኑ በጥቂቱ ሲለቀቅ ማንሻው ጎላ ብሎ ከተንቀሳቀሰ ሱፖርት ቀይሩ።

የሚያመልጥበት ሁኔታም ብዙ ይናገራል። ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ማንሻ፣ ሱፖርት ወይም የደከመ ሞላ ይጠረጠራል። ነዳጅ ሲረገጥ የሚወጣ ከሆነ ጥርስና ፎርክ። ነዳጅ ሲለቀቅ፣ ቁልቁለት ላይ፣ የሚወጣ ከሆነ የዘንጉ የፊትና ኋላ ልቅነት ቀድሞ ይታይ። ፍርዱ ሳጥኑ ሲከፈት ቢሆንም የትኛውን ዕቃ ቀድሞ መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል።

ሞላውና ኳሱ በብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ በመዝጊያ ቡሎን ከውጭ የተዘጉ ናቸው። አውጥታችሁ ከአዲስ ሞላ ጎን አቁሙት፤ ካጠረ ወይም ከተሰበረ ይቀየር። ከሥሩ ሮንዴላ እየጨመሩ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ማርሹን ለማስገባት ያስቸግራል፣ የተሞረደ ጥርስ ካለ ደግሞ ይሸፍነዋል።

ዘይት ስታወርዱ መጀመሪያ የላይኛውን መሙያ በ24 መፍቻ ፍቱ፤ እሱ እምቢ ካለ የታችኛውን አትንኩ፣ ባዶ ሳጥን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። በንጹሕ ሳህን ተቀብላችሁ ማግኔት አዙሩበት። ግራጫ ጭቃ የሚመስል ደቃቅ ነገር ያለ ነው። ጠርዝ ያለው ስባሪ ግን ጥርስ ነው፤ በዚህ ጊዜ ኪት ብቻ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት ፎርኩን ስሊቩ ቦይ ውስጥ አስገብታችሁ ክፍተቱን በስፔሶሜትር (ቀጫጭን የክፍተት መለኪያ ምላጮች) ለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ፎርኩ፣ ምናልባትም ስሊቩ፣ አልቋል። ከዚያ የጥርሶቹን ጎን ተመልከቱ። ጤነኛ ጥርስ ጎኑ ወደ ሥሩ በጥቂቱ ጠበብ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ጉልበት ሲያርፍበት ስሊቩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጫፉ ሲሞረድ ያው ጉልበት ስሊቩን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ያን የሚያቆም ሞላ የለም። ስሊቩ አዲስ ሆኖ ማርሹ አሮጌ ከሆነ ደግሞ አሮጌው አዲሱን ይበላዋል። ሁለቱን አብሮ መቀየር ውድ ነው፤ ያለዚያ ግን ሥራው ይደገማል።

ጥርሱን የሚሞርደው ብዙ ጊዜ አነዳድ ነው። ኤል 4 የሚገባው መኪናው ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው። እየሄደ የተገጨ እያንዳንዱ ማርሽ ከጥርሱ ጫፍ ላይ ይቆርጣል።

ኪቱ ዋጋውን የሚያወጣው ልቅነት ላይ ነው። ኩሽኔታና የግፊት ሮንዴላ ሲበሉ ማርሹ ዘንጉ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስሊቩም ግማሽ መንገድ ይይዛል። እዚህ ላይ ጥሩ ኪት በእርግጥ ያድናል። ሁለተኛው ጥቅሙ በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ኦይል ሲል ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ አንዱ ሞልቶ ሲተርፍ ሌላው ይደርቃል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ አይታይም። አንዱ ጎድሎ ስታገኙት ሌላውንም ፈትሹ።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ የሻንሲ ቁጥሩንና አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች ይዛችሁ ሂዱ። የ70 ተከታታይ ከ1984 ጀምሮ ስለሚመረት «የላንድክሩዘር ነው» የሚለው ቃል አይበቃም። ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ኮዮ፣ ኤንኤስኬ ወይም ኤንቲኤን የሚል ካርቶን ውስጥ ስም የሌለው ኩሽኔታ ካለ መልሱት። ከስናፕ ሪንግ አንድ ውፍረት ብቻ ከሰጣችሁም አይበቃም፤ ልቅነቱ እስኪጠፋ ድረስ በተለያየ ውፍረት እየተሞከረ የሚመረጥ ዕቃ ነው።

ሲገጠም ዘንግ ላይ የሚገባ ኩሽኔታ በውስጠኛው ቀለበቱ ብቻ ይገፋ፤ በውጭኛው የተመታ አዲስ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ተበላሽቷል። በሁለቱ የማንሻ ዘንጎች መካከል ያለችውን ትንሽ ፒን አትርሷት። የፍላንጁ (ካርዳኑ የሚታሰርበት) ዳዶ አዲስ ይሁን፣ ከጠበቀም በኋላ ከንፈሩ ቦዩ ውስጥ ተመትቶ ይቆለፍ፤ እሱ ሲላላ ልቅነቱ ይመለሳል። ከመዘጋቱ በፊት ኤች 2 እና ኤች 4 (የሁለትና የአራት ጎማ ፈጣን ማርሾች)፣ ኒውትራልና ኤል 4ን በእጅ እያስገባችሁ ስሊቩ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይን እዩ።

ዘይቱ 75 ደብልዩ 90 ይሁን፤ መኪናው ደልዳላ ላይ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ እንዳይል። ሙከራው ሜዳ ላይ ብቻ አይቁም፦ ጭነት አድርጉ፣ አስፋልት ባልሆነ ዳገት ላይ ኤል 4 ውጡ፣ በዚያው ማርሽ ነዳጅ ለቃችሁ ውረዱ። ማንሻው በሁለቱም ካልተነቃነቀ የሁለቱን ሳጥኖች ዘይት ደግማችሁ ለክታችሁ መኪናውን አስረክቡ።