ድርቅ ያለ ጥቁርና ነጭ እንደ ድሮው ጨለማ ክፍል፦ ስናፕሲድ፣ ሲልቨር ኢፌክስ፣ ፎቶሾፕ ወይስ ነፃዎቹ?

የፎቶ ማስተካከያ አፕ ላይ ኮንትራስቱን (የጥቁሩንና የነጩን ርቀት) እስከ 100 ጎትቶ "ይኸው የፊልም መልክ" የሚል ሰው በዝቷል፣ አይደለም። ድሮ ጥቁሩን ከነጩ የሚያራርቀው ፎቶው የሚታተምበት ወረቀት ነበር፣ ኢልፎርድ መልቲግሬድ የሚባለው ወረቀት ከ00 እስከ 5 የሚሄዱ ፊልተሮች አሉት፣ 5 ላይ ሲደረስ መሃል ያለው ግራጫ አብዛኛው ይጠፋል፣ ጠንካራ ወረቀት የምለው ይሄንን ነው። ከዛም በላይ የፈለገ ሰው ነጋቲቩን ኮዳሊዝ የሚባል ፊልም ላይ ይገለብጠው ነበር፣ እሱ ደግሞ ግራጫ ብሎ ነገር አያውቅም፣ ወይ ጥቁር ወይ ባዶ። እና ብር ከማውጣታችሁ በፊት የምትፈልጉት የቱን እንደሆነ ለዩ፣ የሚያስፈልገው አፕ የተለያየ ነው።

ሁሉንም የሞከርኩት በአንድ ፎቶ ነው። አያቴ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ፀሐይ ከጎን ትመታቸዋለች፣ ከኋላ ቤቱ ጨለማ ነው። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ላይ ሲሆኑ አያድርስ ነው፣ ኮንትራስት በጨመርክ ቁጥር ፊቱ ወደ ጨለማው ይገባል፣ ነጠላው ደግሞ ባዶ ወረቀት ይሆናል፣ ጥለቱ ሳይቀር ይጠፋል።

ስናፕሲድ ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ነው፣ ለጀማሪ ከሱ ውጪ አልመክርም። ብላክ ኤንድ ዋይት ውስጥ ባለቀለም ፊልተሮች አሉ፣ ቀዩን ስነካ የአያቴ ፊት በራ፣ ሰማያዊውን ስነካ ከሰል መሰሉ። ኮዳሊዝም ቀይ ብርሃን የማያይ ፊልም ስለነበር ሰው በቀጥታ ከተነሳበት የኛን ቆዳ እንደዛ ነበር የሚያጠቁረው፣ ስለዚህ የቀለም ፊልተሩን ሳትመርጡ ኮንትራስት አትንኩ። ችግሩ የስልክ ጄፔግ በየቀለሙ 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ ከርቭስ (ጨለማና ብርሃኑን የምትጎትቱበት መስመር) ጠበቅ ስታደርጉት ሰማይና ግድግዳ ላይ መስመር መስመር ያወጣል። ግሬን (እንደ ፊልም ያለ ደቃቅ ነጠብጣብ) ጣል ሲደረግበት ይሸፈናል፣ ግን መሸፈን ነው እንጂ መዳን አይደለም።

ሲልቨር ኢፌክስ ጠንካራ ወረቀት ለሚፈልግ ከሁሉም ይበልጣል፣ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። የኒክ ኮሌክሽን አካል ነው፣ በ2016 ጉግል ነፃ አድርጎት ነበር፣ በ2017 ዲኤክስኦ ገዛውና አሁን ይሸጣል፣ ጥሩነቱ አንዴ ነው የሚከፈለው። ፊት ላይ ነጥብ ታስቀምጣላችሁ፣ ክቡን ታሰፋላችሁ፣ ፊቱ ብቻ ይነጣል፣ ድሮ ከማጉያው መብራት ስር ቁራጭ ካርቶን እያወዛወዙ ፊት ያነጡ የነበሩት ሰዎች ስራ ማለት ነው። ጥቁሩን ለብቻው ነጩን ለብቻው የሚገፋበትም አለው፣ ነጠላውን ያዳነልኝ እሱ ነው። ለደንበኛ የምታትሙ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል፣ ለቴሌግራም ፕሮፋይል ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ፎቶሾፕ በየወሩ ነው የሚቆርጠው፣ አገር ቤት ላለና የዶላር ካርድ ለሌለው ሰው እዚህ ጋ ወሬው ያልቃል። ለኮዳሊዝ ግን ጎበዝ ነው። ትሬሾልድ 128 ላይ ይጀምራል፣ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር፣ በላይ ያለው ነጭ፣ ድሮ ብርሃኑን በሰከንድ እየቆጠሩ የሚወስኑት ነገር እዚህ ቁጥር ሆኗል። በ128 የአያቴ ፊት ጠፋ፣ በ70 ፊታቸው መጣ ነጠላው ሄደ፣ አንድ ቁጥር ለሁለቱም አይሆንም፣ ስለዚህ ሁለት ሌየር (አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ምስል) አድርጌ አንዱን በማስክ (የማይፈለገውን በሚደብቅ ሽፋን) ፊቱ ላይ ብቻ አስቀረሁት። የድሮዎቹም ከአንድ ነጋቲቭ የተለያየ ብርሃን የበላ ሁለት ሦስት ኮዳሊዝ አውጥተው ያጣምሩ ነበር፣ አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። ከትሬሾልድ በፊት ሃይ ፓስ (ጠርዞችን ብቻ የሚያጎላ ፊልተር) ከተደረገ የፊት መስመሮች እንደ ቀለም ብዕር ስዕል ይወጣሉ። ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ካወጣባችሁ ደግሞ ፎቶውን መጀመሪያ እጥፍ አሳድጉት፣ ትሬሾልዱን አድርጉ፣ ከዛ መልሳችሁ አሳንሱት፣ ሙልጭ ይላል።

ግን ይሄንን ሁሉ ጊምፕም ያደርገዋል፣ በነፃ። ትሬሾልድ አለው፣ ሌየር ማስክ አለው፣ ሃይ ፓስ አለው፣ በ2025 የወጣው 3.0 ላይ ደግሞ ፊልተሩን ካደረጋችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል። መልኩ አያምርም፣ ይሄ አይካድም። ለኮዳሊዝ ብቻ ብሎ ፎቶሾፕ መከራየት ግን የብር ጠላትነት ነው።

ላይትሩም ከድሮም ለምትከፍሉ ከርቩና የቀለም ሚክሰሩ ለጠንካራ ወረቀት ይበቃል፣ ትሬሾልድ የለውም።

ዳርክቴብልም ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሰራል፣ በካሜራ ሮው (ጥሬ፣ ያልተጨመቀ) ፋይል ለሚያነሳ ሰው ነው። ሲግሞይድ የሚባለው ነገር ኮንትራስቱን ልክ እንደ ወረቀት ጫፍና ጫፉን እያለሰለሰ ነው የሚጨምረው፣ ከለር ካሊብሬሽን ውስጥ ደግሞ የድሮ ፊልሞችን የቀለም አቀባበል የሚመስሉ ምርጫዎች አሉ። ለመልመድ ሁለት ቅዳሜ በላብኝ፣ ሲልቨር ኢፌክስ ላይ አስር ደቂቃ የፈጀው ስራ እዚህ አንድ ሰዓት ወሰደ።

እኔ በመጨረሻ ዳርክቴብል ላይ ቀረሁ፣ ኮዳሊዝ ሲያምረኝ ወደ ጊምፕ እወስደዋለሁ። ለሲልቨር ኢፌክስ የያዝኩት ብር አያቴን በ30 በ40 አሳትሞ ፍሬም አስገባልኝ፣ ጥለቱ ይታያል።