የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የምርምር ድጋፍ፣ አባልነትና መታሰቢያ ሽልማት፦ ከአመልካች ወገን የተጻፈ ግምገማ

ወጣት ተመራማሪዎች የድጋፍ ማመልከቻ ሲያዘጋጁ ረቂቃቸውን እያነበብሁ አስተያየት መስጠት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ለሮያል ሶሳይቲ ማመልከቱ ያዋጣል ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ አዎን ወይም አይደለም ብሎ መመለስ አመልካቹን አይጠቅመውም፤ ምክንያቱም በዚህ የብሪታንያ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር የምርምር ገንዘብ፣ አባልነትና ሜዳልያ የሚገኙበት መንገድ ሦስቱም የተለያየ ሲሆን፣ ይህን ሳይለይ የተነሣ ሰው ወራት የፈጀ ድካሙን ባልተጠራበት ቦታ ያፈሰዋል። ስለዚህ ሦስቱን ለየብቻ እመዝናቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩ በ1660 ለንደን በሚገኘው ግሬሻም ኮሌጅ በተሰበሰቡ ጥቂት ሊቃውንት ተመሥርቶ በ1662 ከንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ቻርተር (የመቋቋሚያ ሰነድ) ተቀበለ። የበላይ አካሉ ከአባላቱ መካከል የሚመረጥ ምክር ቤት ነው፤ ከፕሬዚዳንቱና ከገንዘብ ኃላፊው ጋር የሥነ ሕይወት፣ የፊዚካል ሳይንስና የውጭ ጉዳይ ጸሐፊዎች ይቀመጡበታል። በአሠራሩ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። በ1849 ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ጆን ራስል ለተመራማሪዎች የሚከፋፈል 1,000 ፓውንድ በየዓመቱ እንዲሰጥ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጥ የመወሰኑን ሥራ የተቀበለው የማኅበሩ ኮሚቴ ነበር። ዛሬም የፌሎሺፖቹ፣ ማለት ለተመራማሪዎች ለተወሰነ ዘመን የሚሰጡት የምርምር ድጋፎች፣ ገንዘብ በአብዛኛው ከመንግሥት ይመጣል፤ ዕቅዱን የሚያነቡትና የሚያወዳድሩት ግን በሙያው ውስጥ ያሉ ሳይንቲስቶች ናቸው። ሹሙ በጀቱን ይሰጣል እንጂ የተሸላሚ ስም አይጠቁምም።

ይህ እምነት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አባልነቱ ምርምር ላልሠሩ መኳንንትና ባለጸጎች ጭምር በቀላሉ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የሒሳብ ሊቁ ቻርልስ ባቤጅ በ1830 የማኅበሩን አመራር በአደባባይ በብርቱ ነቀፈ። ማኅበሩ በ1847 ደንቡን ለውጦ በዓመት የሚመረጡትን አዳዲስ አባላት በ15 ሰው ወሰነ። የመንግሥት ገንዘብ የመጣው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ሳይ፣ ቤቱን አስቀድሞ ያላጸዳ ማኅበር የሕዝብ ገንዘብ ለማከፋፈል ባልታመነም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን አመልካቹን በቀጥታ ወደሚመለከተው ልምጣ። ከማኅበሩ ድጋፎች ሁሉ ስሙ የገነነው በ1983 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ምርምር ፌሎሺፕ ነው። በብሪታንያ ወይም በአየርላንድ ተቋም ውስጥ ለሚሠሩ፣ ዶክትሬታቸውን ከያዙ ብዙ ዓመት ላልሞላቸው ተመራማሪዎች የሚሰጥ ሲሆን እስከ ስምንት ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። የዘመኑ ርዝመት እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። የሁለት ዓመት ገንዘብ የያዘ ወጣት አንደኛውን ዓመት ዕቃ በመግዛትና ሰው በመቅጠር፣ ሁለተኛውን ደግሞ የሚቀጥለውን ማመልከቻ በመጻፍ ይጨርሰዋል፤ ስምንት ዓመት የተሰጠው ግን ከሽፎ እንደገና የሚሞከር ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ግራፊን በተባለው እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ ላይ ባደረገው ጥናት የ2010ን የፊዚክስ ኖቤል የተካፈለው ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በዚያን ጊዜ የዚህ ፌሎሺፕ ባለቤት ነበር።

የምርጫው ሥርዓት ለአመልካች ግልጽ ነው። ማመልከቻው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ ይነገራል፤ ዕቅዱ በገምጋሚ ቡድን ይነበባል፤ ከውጭ ባለሙያዎች አስተያየት ይጠየቅበታል፤ የተሻሉት ለቃለ መጠይቅ ይጠራሉ። ይህ ተራ ነገር ለሚመስለው አንባቢ አንድ ነገር ላንሣ፦ ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ ድጋፍ ሰጪ ዘንድ ያመለከተ አንድ የማውቀው ወጣት ተቀባይነት ማጣቱን እንኳ የሚነግረው ሰው ሳያገኝ አሥራ አራት ወር ጠብቋል። ለአመልካች የታወቀ ቀን እንደ ገንዘቡ ሁሉ ክብር ነው።

ሆኖም ሥርዓት በጽሑፍ መኖሩ ብቻ ፍትሕን አያረጋግጥም። በ2014 ይህን ፌሎሺፕ ያገኙት 43 ተመራማሪዎች ስም ሲታወጅ ከመካከላቸው ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። በእያንዳንዱ ገምጋሚ ቡድን የተቀመጠው ሰው የራሱን ጥቂት ማመልከቻዎች በጥንቃቄ መርምሮ ሊሆን ይችላል፤ የሁሉንም ቡድኖች ውጤት አንድ ላይ ደምሮ የሚያይ ከሌለ ግን እንዲህ ያለ ውጤት ማንም ሳያስበው ይወጣል። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ሰር ፖል ነርስ ጉዳዩን አልሸፋፈኑም፤ ምርመራ እንዲደረግ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ የአመልካቾችንና የተመራጮችን ስብጥር የሚያሳይ መረጃ ያወጣል። አንድ ድጋፍ ሰጪ ስሕተቱን በራሱ ቁጥር ሲያሳይ ለእኔ ከማንኛውም የመልካም አስተዳደር መግለጫ የበለጠ ይታመናል።

ወደ መታሰቢያ ሽልማቶቹ ስንሻገር መንፈሱ ይለወጣል፤ እዚህ ማኅበሩ የሚያስተዳድረው የሙታንን አደራ ነው። የሐኪሙ ዊልያም ክሩን ባለቤት የነበረችው ሴት በ1701 በኑዛዜዋ በስሙ ለሚሰጥ ትምህርታዊ ንግግር ለንደን ውስጥ ከነበረ የመጠጥ ቤት ኪራይ አንድ አምስተኛውን ለሮያል ሶሳይቲ ተወች፤ ከዚያ የተወለደው የክሩን ሌክቸር እስከ ዛሬ አለ። ሰር ጎድፍሪ ኮፕሊ በ1709 ሲሞት ለሙከራ ሥራ እንዲውል የተናዘዘው 100 ፓውንድ ብቻ ነበር። በ1731 በዚህ ገንዘብ የመጀመሪያው ተሸላሚ የኤሌክትሪክ ተመራማሪው ስቲቨን ግሬይ ሆነ፤ በ1736 ደግሞ ምክር ቤቱ የዓመቱን ክፍያ ወደ ወርቅ ሜዳልያ ለወጠው። የኮፕሊ ሜዳልያን ታላቅ ያደረገው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን፣ በአስተዳዳሪዎቹ እጅ የኑዛዜው ቃል ተጠብቆ አፈጻጸሙ ከዘመኑ ጋር መታረሙ ነው።

የዴቪ ሜዳልያ ታሪክ ከሁሉም ይበልጥ ይነካኛል። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤቶች ኬሚስቱን ሃምፍሪ ዴቪን ማዕድን ቆፋሪዎችን ከጋዝ ፍንዳታ ስለሚጠብቀው ፋኖስ አመስግነው የብር ዕቃ ሰጥተውት ነበር፤ ዕቃው በወንድሙ ኑዛዜ ለማኅበሩ ሲደርስ ቀልጦ ተሸጠና የሽልማቱ መሠረት ሆነ። በ1877 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ለጀርመናውያኑ ሳይንቲስቶች ለቡንሰንና ለኪርሆፍ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሽልማት ሲያቋቁም ግን ሌላ አደጋ አለ። የሙቀት ተመራማሪው ካውንት ራምፎርድ በ1796 በሙቀትና በብርሃን ላይ ለሚደረግ ጥናት 1,000 ፓውንድ ሰጠ፤ የሜዳልያው የመጀመሪያ ተሸላሚም ራሱ ሰጪው ሆነ። የጥናቱ ታላቅነት አያከራክርም፤ ቢሆንም ዛሬ እንዲህ ያለ ውሳኔ በማንኛውም የጥቅም ግጭት ደንብ ፊት አይቆምም፤ መቆምም የለበትም።

አባልነትና ሽልማት የተለያዩ መሆናቸውን ከሄርታ አይርተን ታሪክ የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። ይህች የኤሌክትሪክ ቅስት ተመራማሪ በ1902 ለአባልነት ስትጠቆም፣ ማኅበሩ የሕግ ምክር ጠይቆ ያገባች ሴት በሕግ ፊት ለዚህ ብቁ አይደለችም በሚል ምክንያት ሳይቀበላት ቀረ። በ1904 የራሷን ጽሑፍ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት አነበበች፤ በ1906 ደግሞ ያው ማኅበር የሂዩዝ ሜዳልያን ሰጣት። ማሪ ኪዩሪም ከባለቤቷ ጋር በ1903 የዴቪ ሜዳልያን ተቀብላለች። ሥራቸው ለሜዳልያ የበቃ ሴቶች ሜዳልያውን ከሚሰጡት ጋር በአንድ ወንበር ለመቀመጥ አይበቁም ተባለ ማለት ነው። ካትሊን ሎንስዴልና ማርጆሪ ስቲቨንሰን የመጀመሪያዎቹ ሴት አባላት ሆነው የተመረጡት በ1945 ነበር፤ የኮፕሊን ሜዳልያ ሴት ያገኘችው ከተጀመረ ከ245 ዓመት በኋላ በ1976 ሲሆን እርሷም ዶሮቲ ሆጅኪን ናት፤ ሁለተኛዋ ጆስሊን ቤል በርኔል እስከ 2021 መጠበቅ ነበረባት። ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ሴቶቹን ያገደው የአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን የደንብ አንቀጽና የሕግ ምክር ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ የሚሠራበትንም ደንብ በዚያው ዓይን ማንበብ ይገባል።

በዚህ ዓይን ስናነበው ከኢትዮጵያ ሆኖ የሚያመለክት ሰው ምን ያገኛል? አባልነቱን በሚመለከት በሩ ጠባብ ነው። ለመደበኛ አባልነት የሚታጩት የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ወይም ነዋሪዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች አገሩ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሊመረጥ የሚችለው በውጭ አገር አባልነት ነው። በዚያ ላይ ዕጩውን የሚያቀርቡት ነባር አባላት ሊሆኑ ይገባል። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከእነርሱ ጋር የሥራ ትውውቅ የሌለው ሰው ሥራው የቱንም ያህል ቢልቅ ስሙ ከጠረጴዛው አይደርስም። ይህ በግምገማዬ ውስጥ ትልቁ ቅሬታዬ ነው፤ ማኅበሩ የአባልነት ጥቆማን ከራሱ አባላት ትውውቅ ውጭ የሚፈልግበት መንገድ ሊያበጅ ይገባዋል።

የገንዘቡ በር ሰፋ ይላል። በ2008 የተጀመረው የኒውተን ዓለም አቀፍ ፌሎሺፕ ከብሪታንያ ውጭ ላሉ፣ ዜግነታቸው ብሪታንያዊ ላልሆነ የዶክትሬት ባለቤቶች ክፍት ነው፤ አመልካቹ በዚያ አገር የሚቀበለው ተመራማሪና ተቋም ሊኖረው ይገባል። እኔ ካየኋቸው ማመልከቻዎች ብዙዎቹ የተሰናከሉት በሳይንሱ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ጥሪው ከወጣ በኋላ ተቀባይ መፈለግ የጀመረ ሰው ከጊዜው ጋር ሲሮጥ ዕቅዱን ከተቀባዩ ጋር ሳይመክርበት ይልከዋል፤ ገምጋሚውም ሁለቱ እንዳልተነጋገሩ ከጽሑፉ ያውቃል። ከጥሪው ቢያንስ ስድስት ወር ቀድሞ መጻጻፍ መጀመር ያስፈልጋል።

በአፍሪካ ምድር ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ማኅበሩ ከአፍሪካ የሳይንስ አካዳሚ ጋር በ2018 ያስጀመረው ፍሌር የተባለ ፌሎሺፕ ነበር። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ ተመራማሪው ከአገሩ ሳይወጣ፣ በራሱ ተቋም፣ የራሱን ጥያቄ ይመረምራል። ነገር ግን ምንጩ የብሪታንያ የልማት ዕርዳታ ገንዘብ ነበር፤ በ2021 መንግሥቱ ዕርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው 0.7 ከመቶ ወደ 0.5 ከመቶ ሲቀንስ ፍሌር ይቀዳበት የነበረው ቋትም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። በ1849 የተጀመረው አሠራር መልካምነቱ መንግሥት ተሸላሚውን አለመምረጡ ነው፤ ድካሙ ደግሞ ቧንቧውን መዝጋት መቻሉ ነው። በሙታን ኑዛዜ የቆመው የክሩን ንግግር ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሲቀጥል፣ ለአፍሪካ ወጣቶች የተበጀው ፌሎሺፕ በአንድ የበጀት ዓመት ውሳኔ መናወጡ ያሳዝነኛል። ማኅበሩ ለአፍሪካ የሚሰጠውን ድጋፍ በራሱ ቋሚ የአደራ ገንዘብ ላይ ቢተክለው እመኛለሁ።

ሜዳልያዎቹን በሚመለከት ጥቂቶች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ለሜዳልያና ለሽልማት ጥቆማ ማቅረብ የሚችለው የማኅበሩ አባል ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው ሊጠቁም ይችላል፤ የተከለከለው ራስን መጠቆም ነው። በአፍሪካ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች የተለየው የሮያል ሶሳይቲ የአፍሪካ ሽልማትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እንግዲህ የትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ዲኑ ወይም አብሮ የሠራ ባልደረባ ተቀምጦ የአንድን ሰው ሥራ በጥንቃቄ ካልጻፈለት በቀር ያ ሰው ሊሸለም አይችልም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ጽሕፈት ቤቶች ያላችሁ ሰዎች የጥቆማውን ወቅት በዓመቱ የሥራ ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት።