ፒያሳ፦ የጾም ምግብ ሳምንቱን ሙሉ የጨመረ ቡፌ

ቤቱ ከረቡዕና ዓርብ ውጭም የጾም ምግብ ማቅረብ ጀምሯል። ደግ አድርጓል፤ ሥጋ የማይበላ እንግዳ በማክሰኞ ድግስም አይጠፋም። ከሁሉ የሚበልጠው አዚፋው ነው። ድፍን ምስሩ ሳይፈርስ በስሏል፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ይነካል፣ ቀዝቅዞ ስለሚቀርብም ማሞቂያ አይፈልግም።

ሽሮው ግን ማሞቂያው ላይ ሲቆይ ውሃውን እየመጠጠ ይጠጥራል። ለ1 ኩባያ ሽሮ 4 ኩባያ ያህል ውሃ ይዞ ቀጠን ብሎ ቢወጣ፣ ሲወፍርም ትንሽ ፍል ውሃ ተጨምሮ ቢማሰል ይስተካከላል። ቀዝቃዛ ውሃ አይሆንም፤ ምግቡን ለብ ያደርገዋል።

የሱፍ ፍትፍቱ ቀድሞ ስለተፈተፈተ ላሽቋል፤ እንጀራው ሊቀርብ ሲል ይግባ። ጎመኑ ደህና ነው። የጾሙና የፍስኩ ጭልፋ ይለይ፤ ቅቤ የነካ ጭልፋ ሽሮ ውስጥ ከገባ ጾመኛው ሳህኑን ያስቀምጣል፣ እውነቱንም ነው።