በሐዋሳ የሞኔን ንጋት መቅዳት፦ ስለ አንድ የሥዕል ሥልጠና

ሐዋሳ ውስጥ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ስቱዲዮ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የሥዕል ሥልጠና ለአራት ቅዳሜዎች ተከታትያለሁ። ሥልጠናው የሚያሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1872 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የሚገኘውን የለ ሃቭርን ወደብ የሣለበትንና ኢምፕሬሽኒዝም የተባለው የአሣሣል ፈለግ ስሙን ያገኘበትን «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» መቅዳት ነው።

የሌላውን ሥራ መገልበጥ ምን ያስተምራል የሚለው ጥርጣሬዬ የተወገደው በሁለተኛው ቅዳሜ ነበር። ሁላችንም ብርቱካናማዋን ፀሐይ ለመቀባት ስንቻኮል፣ አስተማሪው የሰማዩን ግራጫ በትክክል ደባልቀን እስክንጨርስ ድረስ ከለከለን። ቀጥሎም የሥዕሉን ፎቶ በስልኩ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ ሲያሳየን ፀሐይዋ ከሰማዩ ጋር ተመሳስላ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም። ሞኔ ያደመቃት ከሰማዩ ይልቅ ብርሃን በመጨመር ሳይሆን፣ ብርቱካናማውን በተቃራኒ ቀለሙ፣ ማለትም በሰማያዊ ግራጫ፣ በመክበብ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ነጭ ጨምሬ ላፈካት የሞከርኳት ፀሐይ የተጠበሰ እንቁላል መስላ ቀርታ ነበርና ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። በውሃው ላይ ያለው ነጸብራቅም ከሩቅ ሲታይ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ተነጣጥለው የተቀመጡ ጥቂት አግዳሚ የብሩሽ ጭረቶች ብቻ ናቸው።

ቅሬታዬ በቁሳቁሱ ላይ ነው። ክፍያው ሸራና ቀለምን የሚያካትት ቢሆንም የተሰጠን አክሬሊክ የሚባለው በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነበር። ሞኔ የሠራው በዘይት ቀለም ስለሆነ አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን በላዩ መጨመር ይችል ነበር፤ የእኛ ግን በደቂቃዎች ውስጥ እየደረቀ ጭጋጉን ማለስለስ አስቸግሮናል። የታደሉን ህትመቶችም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ የእኔ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ የጎረቤቴ ወይን ጠጅ ነበር። በቀለም ላይ ለሚያተኩር ሥልጠና ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው የዘይት ቀለም ይዞ መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል።

በመጨረሻው ቅዳሜ የተማርነውን በራሳችን ሐይቅ ላይ እንድንሞክር በማለዳ በሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ተወሰድን። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ የተመደበለት ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባዎች ወደ ዳር ሲጠጉ እኔ ገና ግራጫውን እየደባለቅሁ ነበር።