ወንድሜን «ይቀመጡ» ላሉት ሲስተር

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ስድስት ወር አመነታሁ። የቤት ገመናን አደባባይ ማውጣት ለእኛ ለደብረ ብርሃን ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ የጻፍኩት ወንድሜ ራሱ «ጻፊው እትዬ፣ እንደ እኛ የጨነቀው ሰው አይጠፋም» ስላለኝ ነው። የእሱን ስም አልጠቅስም። ሲስተርም ስማቸውን እንዳላነሳ ለምነውኛል፤ «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ብለው። ሥራቸው መሆኑን አውቃለሁ። ሥራውን እንደ እሳቸው የሚሠራ ሰው ለማግኘት ግን እኔና ወንድሜ ሦስት ዓመት ተንከራተናል።

ታናሽ ወንድሜ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው። እናታችን ስታርፍ የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዳቦ ቤቴ ገቢ እኔ አሳደግሁት። ካናቢስ፣ በተለምዶ ሐሺሽ የምንለውን፣ የጀመረው ለትምህርት ሌላ ከተማ በሄደበት ጊዜ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ሲመለስ ሽታው ልብሱ ላይ ነበር። ስጠይቀው «ቅጠል ነው፣ ሱስ አያስይዝም» ይለኝ ነበር፤ እኔም አመንኩት። አረቄ እንዳይለምድ እንጂ ሌላውን መፍራት አላወቅሁበትም። እያደር በቀን ሦስት ጊዜ ሆነ፣ አራት ጊዜ ሆነ። ደንበኛ ቀብድ ከፍሎ በሩን በቀጠሮው አያገኝም። እኔ ደግሞ ሰው ፊት «አሞት ነው» እያልኩ እዋሻለሁ። በኅዳር ውርጭ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በስስ ሹራብ ደጃፍ ተቀምጦ ያገኘሁት ቀን ነው ነገሩ ከእኔ አቅም በላይ መሆኑ የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ አንድ የግል ማገገሚያ ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉኝ፤ ለዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበር። ስልኩን ወሰዱበት። እንዳልጠይቀውም «ሕክምናው ይበላሻል» ብለው ከለከሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ያደረጉለት ነገር ቢኖር በር መቆለፍ ብቻ ነው። ሲወጣ አጥንቱ ገጥጦ ነበር። በአራተኛው ቀን አጨሰ። ስደውልላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እኛ ንጹሕ አድርገን ነው ያስረከብንሽ።» እንደ ታጠበ ልብስ! ልጁ ከዚያ ወጥቶ የሚገባው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ጓደኛ፣ ወደዚያው የሥራ መውጫ ሰዓት መሆኑን ማንም አላሰበበትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላሰብኩበትም።

ሁለተኛው ቦታ ገንዘባችንን አልወሰደም፤ የወሰደው ክብራችንን ነው። ተራችን ደርሶ ገብተን ገና ሳንቀመጥ፣ በሩም ክፍት እንደሆነ፣ ባለሙያው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሐሺሽ ነው? ታዲያ እንዲህ ዓይነቱን ዱርዬ ወደ እኛ ምን አመጣሽው? ፖሊስ ጣቢያ አትወስጂውም?» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከመካከላቸው ሁለቱ በየቀኑ ከእኔ ዳቦ የሚገዙ ናቸው። ወንድሜ አንድም ቃል አልመለሰም፤ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ «ሐኪም» የሚል ቃል በቤታችን አልተነሣም። በዚህ መካከል «በሰባት ቀን ሱስን ከሥሩ የሚነቅል» ያለውን ፈሳሽ በጠርሙስ የሸጠልንም ሰው አለ። ሦስት ቀን አስመለሰው፤ ሌላ ያመጣው ለውጥ የለም።

ስለ ሲስተር የነገሩኝ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚወስዱ አንድ መምህር ናቸው። እኔ ለአእምሮ ጤና ሲባል አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤልን ብቻ ነበር የማውቀው፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ወንድሜን ሦስት ሳምንት ለመንኩት። በሩ ላይ ስንደርስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ገባን። ሲስተር ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ በሩን ራሳቸው ዘጉ፤ ወንበሩን ወደ እሱ ሳብ አደረጉና «ይቀመጡ» አሉት።

ይህችን ቃል ለሰው ስናገር እስከ ዛሬ ዕንባዬ ይመጣል። ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ሲስተር ሃምሳን ሳያልፉ አይቀሩም። «አንተ» ቢሉት በአገራችን ወግ ማንም አይቀየማቸውም። እሱ ግን ለዓመታት «አንተ ሱሰኛ» እየተባለ የኖረ ልጅ ነው። «ይቀመጡ» ሲባል ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ፤ ሌላ ትልቅ ሰው ተከትሎን የገባ መስሎት ነው።

«እዚህ የምናወራው እዚሁ ይቀራል» አሉት ቀጥለው። ነገሩ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ትልቁ ፍርሃቱ ይኸው ነበር። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። «ለምን አይተዉትም?» የሚል ጥያቄ አንድም ጊዜ ከአፋቸው አልወጣም። መቼ ነው የሚያጨሱት? የት? ከማን ጋር? ከማጨስዎ በፊት ባለችው አምስት ደቂቃ እጅዎ ምን እየሠራ ነው? ወንድሜ አሰበና «መሣሪያ እየሰበሰብኩ ነው» አለ። «መጋዙን ሰቅዬ መዶሻውን ሳጥን ውስጥ ስከት፣ ያኔ ነው የሚመጣብኝ። ልጆቹም በዚያች ሰዓት በሬሳ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ይጠብቁኛል።» አንድ ቤት ውስጥ አብሬው እየኖርኩ ይህን አላውቅም ነበር። ጠይቄውም አላውቅም። እኔ የማውቀው መቆጣት ነበር።

ሲስተር ከመሳቢያቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ከእስክሪብቶ ጋር ሰጡት። ዕቅዱን ራሱ በእጁ እንዲጽፍ ነው የፈለጉት። የሚጻፈውም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ግማሹ «እንዲህ ሲሆን» የሚል፣ ግማሹ «ያን ጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል። ወንድሜ መጀመሪያ የጻፈው «ከሥራ ስወጣ አላጨስም» የሚል ነበር። ሲስተር አነበቡትና በለሆሳስ «ይህ ምኞት ነው» አሉት። «አላደርግም ካሉ እጅዎ ባዶውን ይቀራል። ባዶ እጅ የለመደውን ይፈልጋል። በዚያች ሰዓት እግርዎ ወዴት እንደሚሄድ ይጻፉልኝ።»

ሰረዘው። ዝም አለ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ውጭ ወረፋ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓታቸውን አላዩም። በመጨረሻ የጻፈውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «መሣሪያዬን ሰብስቤ ሳጥኑን ስዘጋ፣ ያን ጊዜ በአስፋልቱ በኩል ወጥቼ ቀጥታ እትዬ ዳቦ ቤት እገባለሁ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ? 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ ክፍት ነው?» ክፍት ነው አልኩ። «እንግዲያው ሻይ ይኑር። አጨስክ አላጨስክ ብለው አይጠይቁት። ሻይ ብቻ።»

በዚያ ቀን ሌላ ምንም አላስጻፉትም። ሌሎቹን ሰዓቶችስ ብዬ ብጠይቃቸው «አሥር ዕቅድ ይዞ የወጣ ሰው አንዱንም አያስታውስም፤ አንዱ እግር ሲያወጣ ሌላው ይከተላል» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የምሳ ሰዓቱን ጻፉ፤ ቀጥሎ ደመወዝ የሚቀበልበትን ቀን፤ ቀጥሎ ጓደኛ ሲደውል የሚመልሰውን መልስ፣ ቃል በቃል። በየማታው ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳጨሰ ደብተሩ ጠርዝ ላይ በጭረት ያመለክታል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ጭረቱ ሲያንስ ዓይኔ እያየ ነው።

የዘዴውን ሳይንስ እኔ አላብራራውም፤ አልገባኝምም። ሲስተር እንደነገሩን መነሻው ፒተር ጎልዊትዘር የሚባሉ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ምሁር ናቸው፤ በእ.ኤ.አ. 1999 ስለዚሁ የጻፉት ጽሁፍ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ሰው ዓላማ ብቻ ሲይዝና ዓላማውን ከሰዓትና ከቦታ ጋር አስሮ ሲጽፈው ልዩነት እንዳለው ነው ያሳዩት፤ ዕቅዱ አስቀድሞ ከታሰረ ሰዓቱ ሲደርስ ሰውየው ከራሱ ጋር ሙግት አይገጥምም ይላሉ። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው። ሲስተርም አልደለሉንም፤ «ይህ አስማት አይደለም፤ ከምክሩና ከክትትሉ ጋር የሚሄድ አንድ መሣሪያ ነው» ብለውናል። የሐሺሽ ሱስን የሚያስተው የተረጋገጠ ክኒን እስከ አሁን አለመኖሩንም በግልጽ ነገሩን። ያንን ጠርሙስ ሳስታውስ አንገቴን ደፋሁ።

አክስታችን ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ትወስደው ነበርና ይህንንም ፈርተን ነገርናቸው። «ይሂድ እንጂ! ጸበሉም ይቀጥል፣ ቀጠሮውም አይቅር» አሉ። አክስቴ ያን ዕለት መረቀቻቸው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን አስቀድመው መናገራቸው ነው። አጫጫሱን በጣም ሲቀንስ የመጀመሪያው ሳምንት እንደሚከብድ፣ እንቅልፍ እንደሚጠፋ፣ ምግብ እንደሚያስጠላ፣ እንደሚነጫነጭ፣ እንደሚያልበው፣ ሕልም እንደሚበዛበት፣ ብዙውም በሁለት ሳምንት ገደማ እየቀለለ እንደሚሄድ ነገሩን። ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰው ይከታተለኛል ማለት ከጀመረ ግን ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድናመጣው አስጠነቀቁን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ያ አልመጣም። ሌላው ሁሉ እንዳሉት መጣ። በላብ ተነክሮ ሲነሣ ሳየው አልጮህኩም፣ ጎረቤት አልጠራሁም። ለሌሊቱም ዕቅድ ነበረው፦ «ሌሊት ነቅቼ እንቅልፍ ሲጠፋብኝ፣ ያን ጊዜ ተነሥቼ በርጩማዬን አለሰልሳለሁ።» እኔ በጓዳ ሆኜ የእንጨቱን ፍትግታ እሰማ ነበር። ሽው፣ ሽው፣ እስኪነጋ። እንደዚያ ድምፅ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

በአምስተኛው ሳምንት ወደቀ። ሸዋ ሮቢት ላይ የአንድ ሆቴል በርና መስኮት ሊገጥሙ ወርደው ነበር። ሙቀቱ ሌላ፣ ማደሪያው ሌላ፣ አብሮ የሚያመሸው ሰው ሌላ። ሁለት ምሽት በተከታታይ አጨሰ። ሲመለስ «እዚያ ሴትዮ ፊት ዳግመኛ አልቆምም» አለኝ። ማልቀስ እስኪያቅተኝ አለቀስኩ። ብቻዬን ሄጄ ነገርኳቸው። «ስልኩን ይስጡኝ» አሉና በራሳቸው ስልክ ደወሉለት። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፦ «አልወደቁም፤ ለሸዋ ሮቢት ዕቅድ አልጻፍንም ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው። ደብተሩን ይዘው ይምጡ።»

የእኔም ነው አሉ! ያ ሦስት ወር ሙሉ በር ቆልፎ ገንዘባችንን የበላ ሰው «ንጹሕ አድርገን አስረክበናል» ብሎኝ ነበር።

ወንድሜ ሄደ። አዲስ ገጽ ከፈቱ። «ወደ ቆላ ለሥራ ስወርድ፣ ጣርማበርን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ገዝቼ ኪሴን እሞላለሁ። ከራት በኋላ ልጆቹ ሲሰባሰቡ፣ ያን ጊዜ ቆሎዬን ይዤ ወደ ውጭ ወጥቼ ለእትዬ እደውላለሁ።» ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወርዷል። አራቱንም ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኋል። ቆሎ እየቆረጠመ ስለ በሩ መጋጠሚያ ያወራኛል። እኔ ስለ በር ምንም አላውቅም፤ እስኪበቃው እሰማዋለሁ።

ጨርሶ ተወው ብዬ አልዋሽም። በቀን አራት ጊዜ የነበረው ባለፉት ሁለት ወራት በጠቅላላው ሁለት ጊዜ ሆኗል፤ ሁለቱንም ራሱ ደብተሩ ላይ ጽፏቸዋል። ደንበኞቹ ተመልሰዋል። ምድጃውን ለመግዛት ግማሹን ገንዘብ ያዋጣው እሱ ነው። ያቺን ሌሊት ሌሊት ያለሰለሳትን በርጩማ ለሲስተር ስጦታ ብሎ ወሰደላቸው፤ ለራሴ አልወስድም ብለው ወረፋ መጠበቂያው ላይ አኖሯት። ባለፈው ስንሄድ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠውባት ነበር።

ከመንዝም፣ ከአንኮበርም፣ ከደብረ ሲናም ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ በዚህ ነገር ተይዞ የተጨነቃችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ልጁን በሰው ፊት አታዋርዱት፤ ገንዘባችሁንም ለቆላፊ አትስጡ። ወደ እኚህ ሴት ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ወደ እሳቸው ውሰዱት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የሚሠሩበትን ቦታና ቀን እነግራችኋለሁ። ብቻውን መግባት የፈራ ካለ እኔ አብሬው እገባለሁ፤ ወንድሜም «እኔም እሄዳለሁ» ብሏል።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆችዎ ይባረኩ። የሰጡን ደብተር አልቋል፤ ሁለተኛውን ራሱ ገዝቷል፤ ማክሰኞ ይዞት ይመጣል።